አልታጠብም የሚሉ አረጋዊ ወላጅን እንዴት ማጠብ ይቻላል?

«ትናንት ታጥቤያለሁ።»

እናቴ ለወራት የምትመልስልኝ ይህንን ነበር። አልታጠበችም። እኔ እከራከራለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ገላዋ ግን እንደነበረ ይቀራል። ነገሩ የቀለለን ክርክሩን ትቼ ምክንያቱን መፈለግ ስጀምር ነው።

መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳሉ እወቁ

ግትርነት ነው ብላችሁ አትነሱ። ወድቄ እሰበራለሁ ብለው ይፈሩ ይሆናል። መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ይሆናል። ይበርዳቸዋል፣ በልጃቸው ፊት ራቁት መሆን ያሳፍራቸዋል፣ ድብርትም ሊሆን ይችላል። ማሽተት በዕድሜ ስለሚደክም የራሳቸው ጠረን ላይታወቃቸው ይችላል። የመርሳት ችግር ካለ ደግሞ ታጥቤያለሁ የሚሉት ከልባቸው ነው።

የእናቴ ችግር ከላይ የሚወርደው ውሃ ነበር። ፊቷ ላይ ሲያርፍ የታፈነች ይመስላታል። በእጅ የሚያዝ ሻወር ገዝተን ከእግሯ ወደ ላይ ማጠብ ስንጀምር ጩኸቱ ቀረ።

እምቢታው በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ሐኪም ይያቸው። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል።

መታጠቢያ ቤቱን አሰናዱ

ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፉ። ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ይኑር፤ የፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት አይችልም። ቁጭ ብለው የሚታጠቡበት ጠንካራ ወንበር አስገቡ። ክፍሉ አስቀድሞ ይሙቅ። ሳሙናው፣ ፎጣው፣ ቅያሪ ልብሱ ሁሉ እጃችሁ ሥር ይሁን፤ ምክንያቱም አንዴ ከጀመራችሁ ለደቂቃም ቢሆን ብቻቸውን ትታችሁ መውጣት የለም።

ውሃው 37 ወይም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በክርናችሁ ሞክሩት። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፣ ቶሎ ይቃጠላል።

አነጋገራችሁን ቀይሩ

«መታጠብ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ የታወቀ ነው። «እማዬ፣ ውሃው ሞቋል። ሰማያዊውን ፎጣ ላምጣልሽ ወይስ ነጩን?» በሉ። እምቢ ካሉ ተዉት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ሞክሩ። ጎትቶ ማስገባት አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን የመታጠቢያ ቤቱን በር ሲያዩ ይሸሻሉ። ከእናንተ የሚያፍሩ ከሆነ ነርስ ወይም የሚቀርቧቸው ሌላ ዘመድ ያግዛቸው።

ስታጥቡ

ትከሻቸው ላይ ትልቅ ፎጣ ጣል አድርጉ። ፎጣው ቢረጥብም ችግር የለም፣ ሙቀትም ክብርም ይሰጣል። ከእግር ጀምሩ፣ ፊትና ፀጉርን ለመጨረሻ አቆዩ። ከመንካታችሁ በፊት ተናገሩ፦ «አሁን ጀርባሽን ነው።» ስፖንጁን እጃቸው ላይ ስጧቸው፤ የሚችሉትን ያህል ራሳቸው ይታጠቡ።

ሻወሩ ባይሆንስ?

ይህንን ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ስንት እንባ ይቀር ነበር። ለብዙ አረጋውያን ሙሉ ገላ መታጠብ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ዕለት ዕለት በሳሙና መታጠብ እንዲያውም ቆዳቸውን ያደርቀዋል።

በሌሎቹ ቀናት ሁለት ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዛችሁ ወንበራቸው ወይም አልጋቸው ድረስ ሂዱ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ፊታቸውን ያለ ሳሙና ጥረጉ፤ ከዚያ እጅ፣ ብብት፣ ከጡት ሥር፣ እግር። የምታጥቡትን ቦታ ብቻ ገልጣችሁ ሌላውን ሸፍኑት። ብልት አካባቢን በመጨረሻ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅና በተቀየረ ውሃ አጽዱ፤ ለሴት ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ሽንት የሚያመልጣቸው ከሆነ ግን ይህንን ቦታ ባመለጣቸው ቁጥር ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከታጠቡ በኋላ

በፎጣ አትሹ፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ። በእግር ጣቶች መሃልና በቆዳ እጥፋቶች ውስጥ እርጥበት አይቅር። ተረከዝ፣ ዳሌና የጀርባ መጨረሻ ላይ ስትጫኑት የማይጠፋ መቅላት ካያችሁ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም ወይም ለነርስ አሳዩ።

ከዚያ ቅባት። በጣቶች መሃል አታድርጉ እንጂ ሌላውን ሳትቸኩሉ ቀቡ። እናቴ መዳፏን ስቀባላት ዓይኗን ጨፍና ዝም ትላለች። አሁን ገና ፎጣውን ሳነሳ «ቅባቱስ?» የምትለኝ እሷ ናት።