የኪቦርድ ጌም በጆይስቲክ ለመጫወት

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ፦ ኪቦርድና ማውስ ብቻ የሚቀበል ጌም በጆይስቲክ ለመጫወት ሌላ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ድረስ አትድከሙ። የጆይስቲኩን በተንና ስቲክ ወደ ኪቦርድና ማውስ ትዕዛዝ የሚቀይር አንቲማይክሮኤክስ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የግራውን ስቲክ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ላይ፣ የቀኙን ማውስ ላይ፣ የቀኙን ትሪገር ግራ ክሊክ ላይ መድቡ። ጣጣው ያለው ቀኙ ስቲክ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያገለገለ ጆይስቲክ ስቲኩ ስለሚላላ ሳትነኩት ማውሱ ይንሸራተታል። ዴድ ዞኑን፣ ማለትም ስቲኩ ትንሽ ቢነቃነቅም ፕሮግራሙ የማይቆጥረውን የመሃል ክልል፣ ከ8000 ጀምራችሁ መንሸራተቱ እስኪቆም በ1000 በ1000 ጨምሩ። ሙሉ ልኩ 32767 ነው፤ ብዙ ከጨመራችሁ ግን ስቲኩ ለትንሽ ንክኪ አይታዘዝም፣ ማነጣጠርም ይከብዳል። እዚህ ላይ ታግሣችሁ ሞክሩ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዴስክቶፕ ላይ ሠርቶ ጌሙ ውስጥ እምቢ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጌሙ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ስለተከፈተ ነው። ዊንዶውስ አነስተኛ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ወደዚያ ጌም የቁልፍ ትዕዛዝ እንዲልክ ስለማይፈቅድ አንቲማይክሮኤክስንም በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ክፈቱት። አንድ በተን ሁለት ሥራ ከሠራ ጌሙ ራሱ ጆይስቲኩን አውቆታል፤ ከጌሙ ሴቲንግ አጥፉት።

ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የመደባችሁትን ሴቲንግ፣ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፤ መብራት ድንገት ከሄደ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይጠፋል።