የብሪጅ ጨረታ፦ ጥሪዎችን መረዳትና ከአጋር ጋር መስማማት

ብሪጅ በ52 ካርታዎችና በአራት ተጫዋቾች የሚካሄድ የጥንዶች ጨዋታ ነው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት አጋሮች ናቸው፤ ሰሜንና ደቡብ በአንድ ወገን፣ ምሥራቅና ምዕራብ በሌላው ወገን ሆነው ይጋጠማሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 13 ካርታ ከደረሰው በኋላ፣ የመጀመሪያው ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ ይካሄዳል፤ ጀማሪዎችንም ከካርታ አጣጣሉ ይልቅ አብዝቶ የሚያስቸግራቸው ይኸው ጨረታ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥሪ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ በአንድ በኩል «ይህን ያህል ዙር (አራቱም አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት) እናሸንፋለን» የሚል የዋጋ ማቅረቢያ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ተጫዋቹ ስለያዘው ካርታ ለአጋሩ የሚሰጠው መረጃ ነው። ለዚህ ሁሉ የተፈቀዱት ቃላት 38 ብቻ ናቸው፤ እነሱም 35 ጥሪዎች፣ ፓስ (ማለፍ)፣ ደብል (የተጋጣሚን ውል ዋጋና ቅጣት ማብዛት) እና ሪደብል (በደብሉ ላይ እንደገና ማብዛት) ናቸው። ከእነዚህ ውጪ በድምፅ ቃናም ሆነ በፊት ገጽታ ለአጋር ምንም ነገር ማስተላለፍ አይፈቀድም።

ይህ መመሪያ በአሜሪካ ክለቦችና በኢንተርኔት ጠረጴዛዎች በስፋት የሚሠራበትን፣ ስታንዳርድ አሜሪካን የሚባለውን የአጠራር ሥርዓት የተከተለ ነው። በእንግሊዝ አኮል የሚባል ሌላ ሥርዓት የተለመደ በመሆኑ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲቀመጡ በየትኛው ሥርዓት እንደሚጫወት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለምሳሌ 1 ኖ ትረምፕ ብሎ መክፈት (የጥሪውም ሆነ የነጥቡ ትርጉም ከታች ይብራራል) በአሜሪካው ሥርዓት ከ15 እስከ 17 ነጥብ መያዝን ሲያመለክት፣ በአኮል ግን ከ12 እስከ 14 ነጥብ ያመለክታል፤ ይህን ሳያጣሩ መጫወት የትየለሌ ኪሳራ ያስከትላል።

የካርታ ዓይነቶች በጨረታው ያላቸው ደረጃ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት፣ ስፔድ፣ በመጨረሻም ኖ ትረምፕ ነው። ክለብና ዳይመንድ ማይነር፣ ኸርትና ስፔድ ደግሞ ሜጀር ይባላሉ። ትረምፕ የሌሎቹን ዓይነቶች ካርታ ሁሉ የሚያሸንፈው ዓይነት ነው፤ ኖ ትረምፕ ማለት እንዲህ ያለ የበላይ ዓይነት የሌለበት ጨዋታ ነው። ጥሪ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥርና የዓይነት ስም ይይዛል፤ በቁጥሩ ላይ 6 ሲደመር ወገኑ ለማሸነፍ የሚዋዋለው የዙር ብዛት ይገኛል። ስለዚህ 4 ስፔድ ብሎ የጠራ ሰው፣ ስፔድ ትረምፕ ሆኖ ከ13ቱ ዙሮች 10ሩን ለማሸነፍ ቃል ገብቷል። ከአንድ ጥሪ በኋላ ሦስት ተጫዋቾች በተከታታይ ፓስ ካሉ ጨረታው ይዘጋል፣ የመጨረሻው ጥሪም ውል ይሆናል። ውሉን ካገኘው ወገን ያንን ዓይነት በመጀመሪያ የጠራው ሰው ባለውል ሆኖ ይጫወታል፤ አጋሩ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዝም ይላል፣ ደሚም ይባላል። ባለውሉን የሚወስነው የመጀመሪያው ጠሪ ማንነት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ስለ ትራንስፈር ስንናገር ይህ ነጥብ ይፈለጋል።

ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ጉዞ ላይ ሳለ የዛሬውን ኮንትራክት ብሪጅ የነጥብ አሰጣጥ ሲቀርጽ፣ ለጌም የሚቆጠሩት ያሸነፏቸው ዙሮች በሙሉ ሳይሆኑ አስቀድመው የተዋዋሉባቸው ብቻ እንዲሆኑ አደረገ። የጨረታው ክብደት ሁሉ የመነጨው ከዚህ ነው። ጌም ማለት 100 የውል ነጥብ ነው፤ ማይነር በዙር 20፣ ሜጀር 30፣ ኖ ትረምፕ ደግሞ ለመጀመሪያው ዙር 40 ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 30 ያስገኛሉ። በዚህ ስሌት 3 ኖ ትረምፕ፣ 4 ኸርት ወይም 4 ስፔድ፣ 5 ክለብ ወይም 5 ዳይመንድ ጌም ይሆናሉ። በማይነር 11 ዙር ማሸነፍ ስለሚጠይቅ፣ አጋሮች መጀመሪያ የሚፈልጉት በሜጀር በድምሩ ስምንት ካርታ መኖሩን ነው፤ ያ ካልተገኘ ወደ 3 ኖ ትረምፕ ያዘነብላሉ። ከታች የሚቀርቡት ስምምነቶች አብዛኞቹ የዚህ ፍለጋ መሣሪያዎች ናቸው።

የእጅ ጥንካሬ የሚለካው አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ ነው፤ በጠቅላላው 40 ነጥብ አለ። ሁለቱ አጋሮች በድምሩ 25 ነጥብ ገደማ ካላቸው ጌም፣ 33 ካላቸው ትንሹ ስላም ማለትም 12 ዙር፣ 37 ካላቸው ደግሞ ትልቁ ስላም ማለትም 13ቱም ዙር ሊሞከር ይችላል። ጨረታውን ለመክፈት 12 ወይም 13 ነጥብ ይበቃል። 1 ኸርት ወይም 1 ስፔድ ብሎ ለመክፈት ከዓይነቱ ቢያንስ አምስት ካርታ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሜጀር የሌለው ሰው የሚበልጠውን ማይነር ይጠራል፣ ሦስት ክለብ ብቻ ይዞ 1 ክለብ ማለትም የተለመደ ነው። እጁ ሚዛናዊ ሆኖ፣ ማለትም ካርታው በአራቱ ዓይነቶች ተቀራራቢ ሆኖ ተከፋፍሎ፣ ከ15 እስከ 17 ነጥብ ያለው ግን 1 ኖ ትረምፕ ብሎ ይከፍታል።

ወደ ስምምነቶቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ ልማድ ማዳበር ይጠቅማል፤ አጋርዎ በጠራ ቁጥር «የሚነግረኝ ነው ወይስ የሚጠይቀኝ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። 1 ኖ ትረምፕ መግለጫ ነው፤ ጠሪው እጁን በአንድ ቃል ዘርዝሮ ጨርሷል፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ድምር ማወቅ የሚችለው መላሹ ብቻ ስለሆነ የሚወስነው እሱ ነው። በአንጻሩ 1 ኸርት ሰፊ ጥሪ ነው፤ 12 ነጥብም 20 ነጥብም ሊሆን ስለሚችል 6 ነጥብ ያለው መላሽ ፓስ ማለት የለበትም። መላሹ አዲስ ዓይነት ቢጠራ ከፋቹ የግድ መቀጠል አለበት፤ ኸርቱን ወደ 2 ከፍ ቢያደርግ ግን ሦስት ኸርትና ከ6 እስከ 10 ነጥብ እንዳለው ተናግሯልና ከፋቹ ፓስ ማለት ይችላል።

ስምምነት የሚባለው ጥሪ ከተፈጥሯዊ ትርጉሙ ወጥቶ በአጋሮች ውል ሌላ ትርጉም ሲሰጠው ነው። እያንዳንዱ ስምምነት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለጥሪው አዲስ ትርጉም ሲሰጡ የቀድሞው ይጠፋል። ጀማሪዎች ይህን ዘንግተው ገና በመጀመሪያው ወር የስምምነት ጎተራ ሊሞሉ ሲሞክሩ ይታያል፤ በእኔ አስተያየት አራት ስምምነቶችን ከነተከታይ ጥሪዎቻቸው ማወቅ የሃያዎቹን ስም ብቻ ከማወቅ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ስቴይማን ነው። ሳሙኤል ስቴይማን እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፎ ስላስተዋወቀው በእሱ ስም ይጠራ እንጂ፣ የፈለሰፈው አጋሩ ጆርጅ ራፔ ነበር። አጋር 1 ኖ ትረምፕ ብሎ ሲከፍት 2 ክለብ ብሎ መመለስ «አራት ካርታ ያለው ሜጀር አለህን?» ብሎ መጠየቅ ነው። 2 ዳይመንድ «የለኝም» ማለት ሲሆን፣ 2 ኸርትና 2 ስፔድ እንደ ስማቸው ይተረጎማሉ። እንበልና በስፔድ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 7 እና 4፤ በኸርት 8 እና 2፤ በዳይመንድ አስ፣ ንግሥት፣ 6 እና 3፤ በክለብ 9፣ 5 እና 4 ይዘዋል። 10 ነጥብ ነው፤ ከአጋርዎ ቢያንስ 15 ጋር ተደምሮ ጌም እንዳለ ግልጽ ነው፣ ጥያቄው የትኛው ጌም የሚል ብቻ ነው። 2 ክለብ ይጠራሉ። አጋርዎ 2 ስፔድ ካለ 4 ስፔድ፣ 2 ዳይመንድ ካለ 3 ኖ ትረምፕ ይላሉ። 2 ኸርት ቢልም የሚጠሩት 3 ኖ ትረምፕ ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በዚህ ላያበቃ ይችላል። አጋርዎ ኸርትም ስፔድም አራት አራት ካለው፣ «አጋሬ ሜጀር ከጠየቀኝ በኋላ ኸርቴን አልፈለገም፤ እንግዲያስ ያለው ስፔድ ነው» ብሎ ወደ 4 ስፔድ ማረም ይችላል። ያልተጠራው ዓይነት ራሱ መረጃ የሰጠው በዚህ መንገድ ነው። የስቴይማን ዋጋ ደካማ እጅና ረጅም ክለብ ይዘው 2 ክለብ ላይ ለመቆም የሚያስችልዎትን ጥሪ ማጣት ነው፤ እምብዛም የማይቆጭ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ትራንስፈር ነው፤ በአሜሪካ የታወቀው በኦስዋልድ ጃኮቢ ስም ነው። ከ1 ኖ ትረምፕ በኋላ 2 ዳይመንድ «አምስት ኸርት አለኝ፣ 2 ኸርት በል» ማለት ሲሆን፣ 2 ኸርት ደግሞ በስፔድ ተመሳሳዩን ያዝዛል። ለምን ራሱ በቀጥታ አይጠራም? መልሱ ቀደም ብለን በጠቀስነው የባለውል ደንብ ውስጥ ነው። ዓይነቱን በመጀመሪያ የሚጠራው ከፋቹ ሲሆን፣ ባለውሉም እሱ ይሆናል፤ ጠንካራው እጅ ተሸፍኖ ደካማው ይዘረጋል፣ የመጀመሪያውን ካርታ የሚጥለው ተጋጣሚም ወደ ጠንካራው እጅ ለመጣል ይገደዳል። ሌላው ጥቅም መላሹ ሁለተኛ ዕድል ማግኘቱ ነው። አንድ ነጥብና አምስት ስፔድ ብቻ ይዞ 2 ኸርት ያለ ሰው አጋሩ 2 ስፔድ ሲል ፓስ ብሎ ይገላገላል። 8 ወይም 9 ነጥብ ያለው 2 ኖ ትረምፕ ብሎ ይጋብዛል። 10 ነጥብና አምስት ስፔድ ያለው 3 ኖ ትረምፕ ብሎ ምርጫውን ለአጋሩ ይተዋል፤ ሦስት ስፔድ ያለው አጋር 4 ስፔድ ይላል፣ ሁለት ብቻ ያለው ባለበት ይቆማል። ትራንስፈር ላይ ትልቁ አደጋ መርሳት ነው፤ ከፋቹ ስምምነቱን ዘንግቶ ፓስ ካለ 2 ዳይመንድ ውል ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው ብላክውድ ነው፤ ኢስሊ ብላክውድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስተዋወቀው የ4 ኖ ትረምፕ ጥያቄ ለስላም የአስ ብዛት ይጠይቃል። 5 ክለብ ምንም ወይም አራት አስ፣ 5 ዳይመንድ አንድ፣ 5 ኸርት ሁለት፣ 5 ስፔድ ሦስት አስ ያመለክታል። ብዙ ጥንዶች ዛሬ የትረምፑን ንጉሥ እንደ አምስተኛ አስ የሚቆጥረውን ዓይነት ይጫወታሉ፤ የመልሶቹ ቅደም ተከተል ሁለት ስለሆነ የትኛውን እንደሚከተሉ አስቀድመው ይወስኑ። ብላክውድን ያለ ቦታው መጠቀም ካለመጠቀም የከፋ ነው። ከአንዱ ዓይነት ጨርሶ ካርታ የሌለው ሰው የትኛው አስ እንደጎደለ ሳያውቅ ብዛቱን ብቻ ቢሰማ አይጠቅመውም። ክለብ ትረምፕ ሆኖ አንድ አስ ብቻ የያዘ ሰው ቢጠይቅና መልሱ 5 ዳይመንድ ቢሆን፣ ሁለት አስ መጉደሉን ሲያውቅ ከ5 ክለብ አልፏል፤ መመለሻ የለውም። አጋር 1 ኖ ትረምፕ ብሎ ከከፈተ በኋላ በቀጥታ የሚመጣው 4 ኖ ትረምፕ ደግሞ የአስ ጥያቄ አይደለም፤ «ከፍተኛውን ነጥብ ከያዝህ 6 በል» የሚል ግብዣ ነው።

አራተኛው ደብል ነው። በመሠረቱ «ውላችሁን አትፈጽሙም፤ ቅጣቱ ይብዛ» ማለት ቢሆንም፣ በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ሲጠራ ትርጉሙ ሌላ ነው። ተጋጣሚ 1 ኸርት ብሎ ሲከፍት እርስዎ በኸርት አንድ ካርታ፣ በሌሎቹ ሦስት ዓይነቶች አራት አራት ካርታና 13 ነጥብ ቢኖርዎት፣ ደብል ማለት «ከቀሪዎቹ ዓይነቶች የሚሻልህን ምረጥ» ብሎ አጋርን መጠየቅ ነው። በመካከል ያለው ተጋጣሚ ፓስ ካለ አጋር ዜሮ ነጥብ ቢኖረውም መመለስ አለበት፤ ደካማ ነኝ ብሎ ፓስ ማለት ተጋጣሚውን በደብል 1 ኸርት እንዲጫወት መተው ነው። ሌላው ደብል አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቀው ነው፤ የሶቪየቷ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ሕዋ የመጠቀችበት ዓመት በመሆኑ ስፑትኒክ ተባለ፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው ኔጌቲቭ ደብል ይለዋል። አጋር 1 ክለብ፣ ተጋጣሚ 1 ስፔድ ሲሉ የመላሹ ደብል አራት ኸርትና ቢያንስ 6 ነጥብ መያዝን ያሳያል።

የ2 ደረጃ መክፈቻዎች ብዙ ማብራሪያ አይሹም። 2 ክለብ 22 ነጥብና ከዚያ በላይ ያለው እጅ ብቻ የሚጠራው የይስሙላ ክለብ ሲሆን፣ አጋሩ ፓስ ማለት አይችልም። 2 ዳይመንድ፣ 2 ኸርትና 2 ስፔድ በአንጻሩ ስድስት ካርታ ያለው፣ ከ6 እስከ 10 ነጥብ የያዘ ደካማ እጅ የተጋጣሚዎቹን መነጋገሪያ ቦታ ለማጣበብ የሚጠራቸው ናቸው።

ስምምነቶች ሁሉ ለተጋጣሚም ግልጽ መሆን አለባቸው፤ በምስጢር የተያዘ ትርጉም ማጭበርበር ነው። በውድድር ላይ ጥንዶች የሚጫወቱባቸውን ስምምነቶች በቅጽ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ያልተለመደ ትርጉም ያለው ጥሪ ሲቀርብ «አለርት» የሚለው የጠሪው አጋር እንጂ ጠሪው ራሱ አይደለም። እንደ ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን ባሉ የኢንተርኔት መጫወቻዎች ግን ጠሪው የራሱን ጥሪ ለተጋጣሚዎች ያብራራል። ረጅም ጊዜ አስቦ መጥራት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ አጋር ከዚያ ማመንታት ተነሥቶ ጥሪውን መወሰኑ ነው። አጋርዎ የእርስዎን ጥሪ በስሕተት ሲያብራራ ቢሰሙም በጨረታው መካከል ማረም፣ ፊትዎን እንኳ መለወጥ አይፈቀድልዎትም። ውሉ የእርስዎ ወገን ከሆነ ጨረታው እንደተዘጋ፣ የመጀመሪያው ካርታ ሳይጣል ዳኛ ጠርተው ስሕተቱን ለተጋጣሚዎች ያስረዳሉ፤ ተከላካይ ከሆኑ ግን ማረሚያው አጋርዎንም ስለሚያነቃው የመጨረሻው ዙር እስኪጠናቀቅ ይጠብቃሉ።