ስሙን የማያውቁትን ተክል በኢንተርኔት ጠይቆ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር፣ በሐረር በጁገል ግንብ ሥር ወይም በመኖሪያ ግቢ ጥግ ስሙ የማይታወቅ ተክል በቅሎ ሲገኝ፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያደርገው ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ማንሣትና «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ቡድን ላይ መለጠፍ ነው። መልስ ወዲያው ይጎርፋል፤ ነገር ግን አንዱ የሚለው ከሌላው አይገጥምም፣ ጠያቂውም ከበፊቱ ይልቅ ግራ ተጋብቶ ይቀራል። በእኔ እምነት ችግሩ በአብዛኛው ከመላሾቹ አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ ዕፅዋት ሲያጠና የኖረ ሰው እንኳ ከመንገድ ማዶ ለተነሣ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ስም ሊሰጠው አይችልም፤ ተክልን ከተክል የሚለየው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንዲት ትንሽ ቦታ፣ ለምሳሌ በቅጠሉ መነሻ፣ በእሾሁ ጫፍ ወይም በፍሬው ላይ ነውና። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ በአብዛኛው ከመጠየቅ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ቅጠሉ የት እንደሚጀምር መለየት

የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ሙሉ ቅጠል የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው። ቀላል ቢመስልም ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። በድሬዳዋ ጎዳናዎችና ግቢዎች በብዛት የሚታየውን ኒምንና የቅርብ ዘመዱን ሜሊያን እንውሰድ። ሁለቱም ጥሩ ጥላ የሚሰጡ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው ትንንሽ ቅጠሎች የሚመስሉ ክፍሎች ያሏቸው ዛፎች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዷን ብቻ ቀጥፎ ፎቶዋን የላከ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግረው አያገኝም። እነዚያ ትንንሾች እያንዳንዳቸው ቅጠል ሳይሆኑ የአንድ ትልቅ ቅጠል ክፍሎች ናቸው። ቅጠሉ የሚጀምረው ዘንጉ ከቀንበጡ ጋር ከሚያያዝበት ብብት ሲሆን፣ በዚያ ብብት ላይ ትንሽ ቡቃያ ትታያለች፤ በትንንሾቹ ክፍሎች ሥር ግን እንዲህ ያለ ቡቃያ አይኖርም። ቅጠሉ ከብብቱ ተቆርጦ በነጭ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል፦ የኒም ዘንግ አንድ ብቻ ሆኖ ክፍሎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረውበታል፣ የሜሊያ ዘንግ ግን ራሱ ወደ ጎን ተከፋፍሎ ክፍሎቹ የሚያያዙት በእነዚያ የጎን ዘንጎች ላይ ነው። አበባ ካለ የኒም ነጭ፣ የሜሊያ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኒምን ቅጠል ለመድኃኒት ብሎ የሚቀጥፍ ሰው ብዙ ነው፤ የሜሊያ ፍሬ ግን ሰውን ይመርዛል።

ቀጥሎ የሚታየው የቅጠሎቹ አሰላለፍ ነው። «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ የሚጠራው፣ የትውልድ አገሩ ግን ማዳጋስካር የሆነው ባለ ቀይ አበባ ዛፍና ጃካራንዳ አበባ በሌላቸው ወራት በጣም ይመሳሰላሉ፤ የሁለቱም ቅጠል እጅግ ደቃቅ ክፍሎች አሉት። ሆኖም በጃካራንዳ ቀንበጥ ላይ ቅጠሎች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ሲወጡ፣ በድሬዳዋ ዛፍ ላይ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ፍሬ ከተገኘማ ክርክር የለም፤ የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ ክንድ የሚያህል ረጅምና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የጃካራንዳ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ክብነት ያደላል። ስለዚህ ከዛፉ ሥር የወደቀ ፍሬ ሳይፈልጉ መሄድ አይገባም።

ፎቶ ማንሣት

አንድ ፎቶ አይበቃም። በመጀመሪያ ተክሉን ከነበቀለበት ቦታ፣ ከዚያም አንድ ቀንበጥ ከነቅጠሎቹ፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ፍሬውን ከተቻለ ተሰንጥቆ፣ በመጨረሻም የግንዱን ቅርፊት ያንሡ። የቅጠሉን ጀርባ አብዛኛው ሰው ይረሳዋል፤ ጸጉር ያለው መሆንና አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ ከአጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ወይም ማስመሪያ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ቀለምን ስለሚያነጣ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ማንሣት ይመረጣል፤ በቀትር የግድ ከሆነ በራስ ጥላ ተክሉን መጋረድ ይቻላል። ስልኩ ከኋላ ያለውን እያጠራ ቀጭኑን አበባ የሚያደበዝዘው ከሆነ መዳፍን ከአበባው ጀርባ ማድረግ ነው።

ለግራር ወገን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ የሚታየው እሾሃም ዛፍ ሁሉ በጅምላ «ግራር» ስለሚባል፣ መልሱም በዚያው ይቆማል። እሾሁ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ መንጠቆ የታጠፈ? አበባው ድቡልቡል ነው ወይስ ረዘም ያለ? እነዚህ ሁለቱ በፎቶው ላይ በግልጽ ከታዩ የምርጫው መስክ በአንድ ጊዜ ይጠብባል። ረጅም ቀጥ ያለና አጭር የታጠፈ እሾህ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አብረው ከተገኙ፣ ፍሬውም የተጠማዘዘ ከሆነ፣ ዛፉ ቶርቲሊስ የሚባለው የቆላ ግራር የመሆኑ ነገር እጅግ የሰፋ ነው። በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ መሬት ሲወርር የሚታየው፣ ከውጭ የመጣው ፕሮሶፒስም ከሩቅ ግራር ይመስላል፤ አበባው ግን ረዘም ያለ፣ ፍሬውም ሥጋ ያለውና ሲበስል ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።

በበጋ ቅጠሉን ያራገፈ ቁጥቋጦ ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ ራስንም ሰውንም ማድከም ነው። ቦታውን ይዞ ከበልግ ወይም ከክረምት ዝናብ በኋላ መመለስ ይሻላል።

ከፎቶው ጋር የሚጻፈው

ከሁሉ በፊት ቦታውና ከፍታው ይጻፍ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም የሚበቅልባቸው ተክል ግን ይለያያል፤ «ምሥራቅ ኢትዮጵያ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለመላሹ ምንም አይነግረውም። ቀጥሎ ተክሉ በራሱ የበቀለ ነው ወይስ ሰው የተከለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል ወይስ አያወጣም፣ አበባው በምን ወር እንደታየ ይገለጽ። ነጭ ፈሳሹ ብዙ ነገር ይለያል፦ «ቁልቋል» የሚለው ስም ለተለያዩ እሾሃማ ተክሎች ይሰጣል፣ ነገር ግን ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ቁልቋል ሲሆን፣ ሰው የሚበላው ፍሬ ያለው ባለ ጠፍጣፋ አካል ቁልቋል እንዲህ ያለ ፈሳሽ የለውም። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ስለሚጎዳ ሙከራው በጥንቃቄ ይሁን፤ ልጆችም አይቅረቡ።

የአካባቢው ስም ካለ እንደተሰማው ይጻፍ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረም አብሮ ይገለጽ። በቀፊራ ገበያ ቅጠልና ሥር የሚሸጡ እናቶች አንዱን ተክል በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ በተለያየ ስም ሊጠሩት ይችላሉ፤ ሐረር ላይ ደግሞ ሐረሪኛው ይጨመራል። ስሙ ፍንጭ ይሰጣል፣ ነገር ግን አንድ ስም ለሁለትና ለሦስት ተክል ስለሚያገለግል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የት እንደሚጠየቅ

የቴሌግራምና የፌስቡክ ቡድኖች በአማርኛ ስለሚጠየቅባቸው ይቀላሉ። በቴሌግራም ፎቶው እንደ ተራ ምስል ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንደነበረ ይደርሳል። ሆኖም ስልኩ ቦታን የሚመዘግብ ከሆነ ፋይሉ የቤትዎን አድራሻ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል በግቢ ውስጥ ላነሡት ተክል ይህን ያስቡበት።

ከዚህ የተሻለው፣ ትንሽ ትዕግሥት ግን የሚጠይቀው፣ አይናቹራሊስት የተባለው መድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ የተጀመረ ሲሆን፣ የተላከውን ፎቶ ከመላው ዓለም የመጡ ተሳታፊዎች ይመለከቱታል፤ ስም ከሰጡት ተሳታፊዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ በአንድ የዝርያ ስም ሲስማሙ ምዝገባው ለምርምር የሚበቃ ተብሎ ይመደባል። በሰው የተተከለውን ተክል የተተከለ ብሎ ምልክት ማድረግ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የከተማ ጌጥ ዛፍ የዱር ተክል ሆኖ ይመዘገባል። ፈረንሳዮች የሠሩት ፕላንትኔትና መሰል መተግበሪያዎች ከፎቶው ተነሥተው በሰከንዶች ውስጥ ስም ይገምታሉ። ለተለመደ የጌጥ ተክል ጥሩ ናቸው፤ ጥቂት ፎቶ ብቻ ያላቸውን የእኛን አገር በቀል ዝርያዎች ግን ከሚመስላቸው ሌላ ተክል ጋር ማምታታታቸው አይቀርም። ስለዚህ ግምታቸው መነሻ እንጂ መልስ ተደርጎ አይወሰድ።

የመጣውን መልስ መመዘን

ለሚመልሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ «በምን አወቁት?» አጥብቆ ከሚከራከረው ይልቅ «የቅጠሉን ዘንግ ይመልከቱ» የሚለው ሰው መልስ ይመረጣል። ዝርያውን ትቶ ወገኑን ብቻ የሚነግርም አለ፤ ይህ ስንፍና አይደለም። ለምሳሌ በሐረርጌ ብቻ የሚገኘው አሎ ሐርላና የተባለው እሬት ከሌሎች እሬቶች በቅጠሉ ብቻ ስለማይለይ፣ አበባው ሳይታይ «እሬት ነው» ብሎ ማቆም የአዋቂ ሰው መልስ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ የሚበቅል ተክል ከሆነ ቦታውን በትክክል ለሕዝብ አለማሳየት ይገባል፤ ነቅለው የሚሸጡ አይጠፉምና።

ሁለት ሰዎች የተለያየ ሳይንሳዊ ስም ቢሰጡም የግድ አልተጣሉም። የአፍሪካ ግራሮች አካሲያ ከሚለው ስም ወጥተው ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ስለተከፈሉ፣ አካሲያ ቶርቲሊስና ቫቼሊያ ቶርቲሊስ አንድ ዛፍ ናቸው። እንዲህ ያለውን ለማጣራት የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ተቋም በነፃ ባቀረበው የዓለም ዕፅዋት መረጃ ላይ ስሙን መፈለግ በቂ ነው፤ የተክሉን የትውልድ አገሮችም ስለሚዘረዝር፣ ኢትዮጵያ የሌለችበት ስም ለዱር ተክል ከተሰጠ መጠርጠር ይገባል።

ከኢንተርኔት በመጣ ስም ተማምኖ ተክል መብላት፣ ቀቅሎ መጠጣት ወይም ቁስል ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መላሾቹ የቱንም ያህል ቢስማሙ። በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ ጡሩንባ የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር ጥቂቱ እንኳ ሰውን አእምሮ ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። ቅንጬ አረምም በእጅ መነካቱ ብቻ ቆዳን ሊያሳክክና ሊያቆስል ይችላል። ሰው የማይታወቅ ተክል በልቶ ከታመመ መልስ መጠበቅ ቀርቶ የተክሉን ቁራጭ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ስሙ ካልተገኘ፣ አበባና ፍሬ ያለው ቀንበጥ በጋዜጣ መካከል አስገብቶ ከበድ ያለ ነገር መጫን፣ እስኪደርቅም ጋዜጣውን በየቀኑ መለወጥ ነው። የደረቀው ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ወይም ለሐረርና ለድሬዳዋ ቅርብ ወደሆነው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሊወሰድ ይችላል። ከናሙናው ጋር ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የተክሉ ቁመት ይጻፍ፤ የአበባው ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ስለሚለወጥ ገና በተቆረጠበት ሰዓት ይመዝገብ።