ዩዝድ ካሜራና ሌንስ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቴሌግራም ላይ ያሉትን የካሜራ መሸጫ ቻናሎች ብትከፍቱ ማስታወቂያው ሁሉ አንድ አይነት ነው፣ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ በጣም ንፁህ፣ ከነሙሉ አክሰሰሪው» ይልና ስልክ ቁጥር ይከተላል። ካሜራው እስከዛሬ ምን ሲሰራ እንደኖረ የሚናገር ማስታወቂያ ግን የለም፣ ዋናው ነገር ደሞ እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት ካሜራዎች ብዙዎቹ ሰርግ ሲቀርፁ፣ ምርቃት ሲያነሱ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ናቸው። የሰራ ካሜራ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እቃውን የሚጠብቅ ባለሙያ የተጠቀመበት ካሜራ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሻገተው በጣም ይሻላል። ችግሩ ጀማሪ የሚገዛው የሞዴሉን ስም ሰምቶ ነው፣ ያቺ እጁ ላይ ያለችው አንዷ እቃ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች አያይም፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

ብሩን ሁሉ ቦዲ ላይ መጨረስ

ይሄ ከሁሉም የበለጠ የተለመደ ነው። ሰው ብሩን አጠራቅሞ የሚችለውን ትልቁን ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራውን ራሱን) ይገዛና ሌንሱ አብሮ የመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ሆኖ ይቀራል። ከዛ ማታ ቤት ውስጥ ልደት ሊያነሳ ሲሞክር ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ብዥ ይላል፣ ጥፋቱም ካሜራው ላይ ይለጠፋል። ኪት ሌንሱን ጥግ ድረስ ዙም ስታደርጉት አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ5.6 በላይ አይከፈትም፣ ርካሿ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ግን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች። ይሄንን ልዩነት ምንም አይነት ቦዲ በመቀየር በቀላሉ አታገኙትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ካኖን 600ዲ 18 ሜጋፒክስል ነው፣ በኤ3 መጠን ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጥርት ብሎ ይታያል፣ ፎቶዎቻችሁ በአብዛኛው ስልክ ላይ የሚታዩ ከሆነ ደሞ 24 ሆነ 18 ማንም አይለየውም። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ካላችሁ ብር ግማሽ ያህሉን ለሌንስ አስቀሩ እላለሁ።

ስለ 50ዋ ግን አንድ ነገር እወቁ። እንደ 600ዲ ያሉት ካሜራዎች ሴንሰራቸው (ምስሉን የሚይዘው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50 ሚሊሜትሩ እንደ 80 ሆኖ ነው የሚያሳያችሁ፣ ለሰው ፊት በጣም ያምራል፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ላስገባ ካላችሁ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል አሁንም አይበቃም። ቤት ውስጥ ብዙ የምታነሱ ከሆነ የካኖን 24 ሚሊሜትር 2.8 የምትባለዋን ስስ ሌንስ ፈልጉ።

የምትሰሩትን ሳታውቁ ስም መግዛት

የካኖን 5ዲ ማርክ ቱ ትልቅ ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ) ሆኖ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ መቅረፁ ብዙ ነገር ለውጧል፣ እስካሁንም የሚያነሳው ፎቶ ያምራል። ግን ለጀማሪ ይሆናል ወይ ስትሉ፣ አውቶፎከሱ 9 ነጥብ ብቻ ነው፣ ቪዲዮ ስትቀርፁ ፎከሱ ሰውየውን አይከተልም፣ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ማለትም 12 ደቂቃ አካባቢ ላይ ቀረፃው ይቆማል፣ በሽማግሌዎች ምርቃት መሀል ሊቆምባችሁ ይችላል ማለት ነው። ካርዱም ተራው ኤስዲ ሳይሆን ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው ነው፣ እሱን ደሞ እንደ ኤስዲ በየሱቁ አታገኙትም።

ራሳችሁን እየቀረፃችሁ ዩቱብ ወይ ቲክቶክ ልትሰሩ ከሆነ በቪዲዮ ጊዜ ፊትን የሚከተል አውቶፎከስ ያስፈልጋችኋል። በካኖን በኩል ይሄ በደንብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 70ዲ ነው፣ 600ዲ የለውም፣ ይሄን ሻጩ አይነግራችሁም ምናልባትም ራሱ አያውቅም። ሶኒ ኤ6000 ለፎቶ በጣም ፈጣንና ቀላል ካሜራ ነው ግን የማይክ መሰኪያ የለውም፣ ስክሪኑም ወደ ፊት አይዞርም። ካኖን ኤም50 ደሞ ስክሪኑ ይዞራል ማይክም ይቀበላል፣ ለጀማሪ ዩቱበር አሪፍ ነው፣ ግን የኤም መስመሩን ካኖን እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሞታል፣ ሌንሶቹም ወደ አዲሱ አርኤፍ ካሜራ በአዳፕተር እንኳን አይሄዱም፣ ስለዚህ ኤም50 ከገዛችሁ እሱ ላይ ብዙ ሌንስ አትከምሩ።

«ካኖን ሌንስ ካኖን ላይ ይገባል» ብሎ ማመን

አይገባም፣ ወይም ሁሌ አይገባም። ካኖን ላይ ኢኤፍ የተባሉት ሌንሶች ትንሹም ትልቁም ዲኤስኤልአር (እንደ 600ዲና 5ዲ ያለ ካሜራ) ላይ ይገባሉ፣ ኢኤፍ-ኤስ የተባሉት ግን እንደ 5ዲና 6ዲ ባሉት ፉል ፍሬሞች ላይ አይገቡም። ዛሬ 600ዲ ይዛችሁ ነገ ወደ ፉል ፍሬም መሄድ ካሰባችሁ ሌንስ ስትመርጡ ይሄን አስቡ።

ኒኮን ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠልፋል። ሌንሱ ይገባል ግን ፎከስ አያደርግም። ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰብ የሆኑት (ዲ3100፣ ዲ5200 ምናምን) ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም፣ ስለዚህ ኤኤፍ-ዲ የተባለውን ርካሽ 50 ሚሊሜትር ገዝታችሁ ብትገጥሙት በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው የምትሰሩት። ሞተር ያለው ሌንስ ኤኤፍ-ኤስ ተብሎ ይፃፍበታል። ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲሶቹ ደሞ በተቃራኒው እንደ ዲ3100 እና ዲ7000 ባሉ አሮጌ ቦዲዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም። የፊልም ዘመን ሲግማ ሌንሶችም ዲጂታል ካኖን ላይ ብዙ ጊዜ ኤረር ይሰጣሉ። መፍትሄው አንድ ነው፣ ሌንሱን በራሳችሁ ቦዲ ላይ ገጥማችሁ ሳታነሱበት አትክፈሉ፣ ቦዲ ገና ካልገዛችሁ ደሞ ሌንስ አስቀድማችሁ አትግዙ።

ሻተር ካውንት ላይ ብቻ መደገፍ

ሻተር ማለት ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ ነው፣ ሻተር ካውንት ደሞ ካሜራው ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ይነግራችኋል፣ እንደ 600ዲ ላሉት 100,000፣ ለ5ዲ ማርክ ቱ 150,000 ድረስ ተፈትኗል ይባላል፣ ከዛ በኋላ ይሞታል ማለት ሳይሆን ከዛ በኋላ ለሚመጣው ማንም አይተማመንም ማለት ነው። ኒኮን ቁጥሩን ባነሳችሁት ፎቶ ፋይል ውስጥ ይፅፈዋል፣ አብዛኛው ካኖን ግን አይፅፍም፣ በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ በፕሮግራም ነው የምታዩት፣ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።

ግን እኛ ሀገር ላይ ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። ለምን መሰላችሁ፣ ቪዲዮ ስትቀርፁ ሻተሩ ክፍት ሆኖ ነው የሚቆየው፣ አንድ ሰዓት ብትቀርፁም ካውንቱ ላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ለሁለት ለሶስት አመት በየሰርጉ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀርፅ የኖረ ካሜራ ሻተር ካውንቱ 15,000 ሊሆን ይችላል፣ ሻጩም ውሸት አልነገራችሁም። እውነቱን የሚያሳያችሁ ሌላው አካል ነው። የእጅ መያዣው ላስቲክ ተልጦ ወይ ለስልሶ ያብረቀርቃል ወይ፣ ሪከርድ የሚደረግበት በተን ላይ ያለው ምልክት ጠፍቷል ወይ፣ የማይክ መሰኪያው ሲነካ ድምፁ ይቆራረጣል ወይ (ማይኩን ሰክታችሁ ገመዱን እያነቃነቃችሁ ቅረፁና በኢርፎን ስሙት)፣ ፍላሽ የሚሰካበት ከላይ ያለው ብረት ላልቷል ወይ፣ ከስር ያሉት ብሎኖች ጥርሳቸው ተበልቷል ወይ። የተበላ ብሎን ካያችሁ ካሜራው ተከፍቷል፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ፣ መልስ ከሌለ ተዉት።

ሌንስን ከፊት ብቻ አይቶ «ንፁህ ነው» ማለት

ሌንስ ላይ ቸኩሎ የሚገዛ ሰው በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም የሚበዛውን ችግር በስልክ መብራት ብቻ ማየት ይቻል ነበር። የፊትና የኋላ ክዳኑን አንሱት፣ አፐርቸሩን መክፈት የሚቻል ከሆነ ክፈቱት፣ የስልካችሁን ፍላሽ ከኋላ በኩል በሰያፍ አብርታችሁ ከፊት እያዘነበላችሁ እዩት። ትንሽ ትንሽ አቧራ ሁሉም ሌንስ ውስጥ አለ፣ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ በሱ አትጣሉ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማችኋል። የሸረሪት ድር የመሰለ ቅርንጫፍ ያለው ነገር ካያችሁ ግን ፈንገስ ነው፣ ክረምቱን እርጥብ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ይመጣል፣ እያደር የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፣ ቢፀዳም የበላው አይመለስም። መስታወቱ በሙሉ በስሱ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለም ተዉት፣ እንደዛ ያለ ሌንስ ወደ ፀሀይ ወይ ወደ መብራት ስታዞሩት ፎቶው ሁሉ ይነጣል። ጭረትን በተመለከተ ከፊት ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ብዙም አትጎዳም፣ ከኋላ ያለችው ግን ትታያለች።

ፊልተር የሚገባበት ቀለበት ተጨራምቶ ካያችሁ ወድቋል ማለት ነው። የወደቀ ሌንስ አንዳንዴ አንዱ ጎኑ ጥርት ብሎ ሌላው ጎኑ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ፅሁፍ ያለበት ግድግዳ ወይ የጡብ አጥር ቀጥ ብላችሁ አንሱና አራቱንም ጥግ አስጠግታችሁ እዩ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ሰርግ የሚሰሩ ሰዎች የሚወዱት የመጀመሪያው ካኖን 24-105 ኤፍ 4 ኤል አለ፣ ዩዝድ ገበያ ላይ ብዙ ታገኙታላችሁ። ወደ አፐርቸሩ የሚሄደው ቀጭን ሪባን ኬብል ዙም በተደረገ ቁጥር እየታጠፈ በጊዜ ብዛት ይበጠሳል፣ ያኔ ካሜራው «ኤረር 01» ይላል። አሳሳቹ ነገር አፐርቸሩን 4 ላይ ካደረጋችሁት ምንም አይልም፣ ክፍት እንደሆነ ስለሚቆይ መንቀሳቀስ አያስፈልገውማ፣ ፎቶው ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ካኖን ሌንስ 8 ላይ፣ 16 ላይ አድርጋችሁ በሁሉም የዙም ቦታ ደጋግማችሁ አንሱ። ሻጩ «ኮንታክቱን ጥረገው ይሰራል» ሊላችሁ ይችላል (ሌንሱና ካሜራው የሚገናኙበትን ብረት ማለቱ ነው)፣ አንዳንዴ እውነት ነው፣ እሱ ራሱ ይጥረገውና ከሰራ በኋላ እንደገና ሞክሩት።

ካፌ ተቀምጦ በሁለት ደቂቃ መጨረስ

ቻርጅ የተደረገ ባትሪና የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቀን ሂዱ፣ ካፌ ከሆነ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አፐርቸሩን 16 ወይ 22 አድርጋችሁ ሰማዩን ወይ ነጭ ግድግዳ አንሱ፣ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፣ ይሄ ይፀዳል፣ ጭረት ከሆነ ግን አይፀዳም። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ 30 ሰከንድ የሚቆይ አንድ ፎቶ አንሱና የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ እዩ፣ ጥቂት ካሉ ምንም አይደል፣ በብዛት ከሆነ ሴንሰሩ ደክሟል። የባትሪ ቤቱ ውስጥ ዝገት ካለ ውሃ ገብቶበታል። ያነሳችሁትን ይዛችሁ ቤት ገብታችሁ በትልቅ ስክሪን እዩና ነገ ተመለሱ፣ «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ካላችሁ ይሽጥለት።

ሳያዩ ቀብድ መክፈል፣ ያለ ወረቀት መግዛት

እቃውን በእጃችሁ ሳትይዙ በቴሌብርም ሆነ በባንክ አንድ ብር አትላኩ። ስትገዙ ደሞ ቦዲው ስር ያለው ሲሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ካርቶን ከሌለ ቁጥሩን ፅፋችሁ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ይዛችሁ አጭር የሽያጭ ውል ተፈራረሙ። መታወቂያ አልሰጥም የሚል ሰው ካሜራ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ከመጣ እቃውም ብሩም ይሄድባችኋል።

ባትሪና ኮተት

ፎርጂድ ባትሪ ሞልቷል፣ ስትገዙ ባትሪው አብጦ እንደሆነ እዩ፣ ሁለተኛ ባትሪም በጀት ውስጥ አስገቡ። ኤልፒ-ኢ6 የሚጠቀሙት (60ዲ፣ 70ዲ፣ 5ዲ ማርክ ቱ) ባትሪያቸውን ይጋራሉ፣ 600ዲ እና 700ዲ ኤልፒ-ኢ8 ነው። በየሌንሱ ፊት የሚጠመዘዙት «ዋይድ» እና «ቴሌ» ተብለው በስጦታ መልክ የሚሰጡት መስታወቶች ፎቶ ያበላሻሉ፣ ለነሱ ተብሎ ዋጋ እንዳይጨመርባችሁ።

የድሮ ዋጋ ይዞ መከራከር፣ ውጭ ያለ ዘመድን ደሞ እንዲሁ ማስቸገር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የካሜራ ዋጋ ዶላሩን እየተከተለ ነው የሚሄደው፣ ጓደኛችሁ ያኔ የገዛበት ዋጋ ዛሬ ምንም አይነግራችሁም። በዚያው ሳምንት የተለጠፉትን ተመሳሳይ ሞዴሎች ከተለያየ ቻናል አነፃፅሩ።

አሜሪካ ወይ አውሮፓ ዘመድ ካላችሁ እንደ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ያሉ ዩዝድ ካሜራ ብቻ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፣ እቃውን ራሳቸው አይተው ደረጃ ያወጡለታል፣ የስድስት ወር ዋስትናም ይሰጣሉ። ግን ዋስትናው እቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም፣ ስለዚህ ዘመዳችሁ ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት፣ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ፣ ከላይ ያልኩትን የ16ቱን አፐርቸርና የነጭ ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ስሙንም አስተካክላችሁ ንገሩት፣ እኛ 600ዲ የምንለው አሜሪካ ሬብል ቲ3አይ ነው የሚባለው፣ ጃፓን ደሞ ኪስ ኤክስ5። ጃፓን ውስጥ ለሀገር ውስጥ የተሸጠ ሶኒ ከሆነ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቋንቋው መቀየሩን ሳያይ አይክፈል። ቻርጀሩ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተፃፈበት እዚህ ያለ ችግር ይሰራል፣ የምትቀይሩት ሶኬቱን ብቻ ነው።