ሮቶ ውስጥ ክሎሪን ሲበዛ ወይ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ቧንቧውን፣ ፓምፑንና ክዳኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ውሃው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ልብስ ያነጣል

ደብረ ብርሃን ላይ በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሁሌ ያው ነው፦ ሰው በረኪናውን የሚለካው ሮቶው ላይ በተጻፈው ቁጥር እንጂ ውስጡ ባለው ውሃ አይደለም። አንዲት እናት ጋ ሄጄ «እትዬ፣ ለስንት ሊትር ብለው ነው የጨመሩት?» ስላቸው «ሁለት ሺ ነው ልጄ፣ ይኸው ተጽፎ የለ» አሉኝ፣ ክዳኑን ስከፍተው ውሃው ሩብ ላይ ነው፣ ሌሊት በፈረቃ መጥቶ ሳይሞላ ሄዷል። ለ2000 ሊትር በሊትር 2 ሚሊግራም ታስቦ የገባ ክሎሪን 500 ሊትር ላይ ሲያርፍ 8 ሚሊግራም ይሆናል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 5 ነው። ሞላ በተባለ ቀን እንኳ ፍሎቱ (ውሃው ከፍ ሲል መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ከአፉ ዝቅ ብሎ ስለሚዘጋው የተጻፈው ቁጥር አይደርስም፣ ርካሽ ፍሎት ከሆነማ ጭራሽ የት እንደሚዘጋ አይታወቅም።

ስለዚህ ለኩ! የሮቶውን ዙሪያ በሜትር ያዙ፣ በራሱ አባዙት፣ ለ12.57 አካፍሉ፣ በውሃው ጥልቀት አባዙ፣ የሚመጣው ሜትር ኩብ ነው፣ አንዱ 1000 ሊትር ነው። ዙሪያው 4 ሜትር፣ ውሃው 40 ሴንቲሜትር (0.4 ሜትር) ከሆነ 510 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሮቶው ወደ ላይ የሚጠብ ከሆነ ግን ሂሳቡን ተዉት፣ ባዶውን ስትሞሉ ሌላውን ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን በፊትና በኋላ አንብቡ።

5 በመቶ የሆነ በረኪና ለ1000 ሊትር 40 ሚሊ ይበቃዋል፣ ለ510ሩ 20 ሚሊ፣ በሲሪንጅ እንጂ በጠርሙሱ ክዳን አይሁን። 65 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ለ1000 ሊትር 3 ግራም ብቻ ነው፣ በዓይን ግምት የሚጨምር ሰው ሳይ እናደዳለሁ። ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዱቄቱ፣ በፍጹም ተገላቢጦሽ እንዳይሆን። ሽታ ያለው በረኪና አትጠቀሙ። የትኛውም ክሎሪን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከገጠመ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ አንድ ባልዲ ለሁለቱም አይሁን!

የበጠበጣችሁትን ሮቶው ውስጥ ውሃ እየገባ ሳለ ጨምሩ። በቆመ ውሃ ላይ ካፈሰሳችሁት ወደታች ይሰምጣል፣ መውጫው ደግሞ እዚያው ታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀዳው ሰው ጠንካራውን ይጠጣል። አንዴ ከበዛ አትድፉት፣ ውሃ ውድ ነው፣ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ሳትጠጡት ቆዩና አዲሱ ውሃ ያቅጥነው።

ምልክት፦ ጠዋት ክሎሪን ነበረው፣ ማታ የክሎሪን መለኪያው ምንም አያሳይም

ታች የተጋገረው ደለል በልቶታል፣ በተለይ ክረምት ላይ። ታጥቦ ካልወጣ በረኪና መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። ሮቶው ንጹህ ከሆነ በረኪናውን ጠርጥሩ፣ ፀሐይና ሙቀት ያደክመዋል፣ ሸዋሮቢት ሙቀት ውስጥ የከረመ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን 5 በመቶ አትመኑ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርዱ የክሎሪኑን ስራ ያዘገየዋል፣ 30 ደቂቃ ከምትጠብቁ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም ካላሳየ ትንሽ ጨምሩ።

አረንጓዴ ከሆነ፦ ብርሃን እየገባ ነው፣ ክዳኑን ቀይሩ።

አይጥ ከሞተበት፦ ድፉት፣ እጠቡት፣ ሙሉና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር በረኪና ጨምራችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ቤት ያለውን ሰው ሁሉ አስጠንቅቁ፣ ቧንቧው ላይም ወረቀት ለጥፉ፣ በነጋታው ደፍታችሁ አለቅልቁት፣ ያንን ውሃ ግን አትክልት ላይ እንዳታፈሱት።