የድሮ አሻንጉሊት ባቡር ካላችሁ ሐረጎን ሥሩለት

ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣ ወይ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ የተገኘ የቆርቆሮ ባቡር ካላችሁ፣ ባዶ ክብ ሐዲድ ላይ ሲዞር ማየት ቶሎ ይሰለቻል። አገር ይፈልጋል። ተራራ፣ ዋሻ፣ ገበያ፣ ጎጆ። ፎቶ ላይ የምናያቸው የባቡር ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ በረዶ የለበሱ የአውሮፓ መንደሮች ናቸው። ታዲያ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት እያለ ደሴ ቁጭ ብሎ በረዶ መበተን ምን የሚሉት ነው? የእውነቱ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ደሴ ድረስ አይወጣም። ጠረጴዛችሁ ላይ ግን ባቡሩ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ቢወጣ ከልካይ የለም።

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። በሁለቱ የዳር ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት በማስመሪያ ለኩ። 32 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ «ኦ» የሚባለው ነው። የአሜሪካው ላዮኔልና የእንግሊዙ ሆርንቢ ድሮ በብዛት የሠሩት ይሄንን ነው፤ የላዮኔሉ መሀል ላይ ሦስተኛ ሐዲድ አለው። 16.5 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ «ኤች ኦ» ነው። አሜሪካኖቹ ለኦ የሚጠቀሙበት ስሌት 1 ለ48 ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያንሳል፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3 ሴንቲሜትር ተኩል ይመጣል፣ የ2 ሜትር በር 4 ሴንቲሜትር ከትንሽ። ኤች ኦ ላይ ስሌቱ 1 ለ87 ስለሆነ ሰውየው 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ግን ማስመሪያውን ብዙ አትመኑት። የድሮ አሻንጉሊት ባቡር ራሱ ልክ አይጠብቅም። ጠባብ ኩርባ ላይ እንዲዞር ተብሎ ፉርጎው አጥሯል፣ ስለዚህ በትክክለኛው ስሌት የተሠራ ቤት አጠገቡ ሲቆም ባቡሩን ያኮስሰዋል። የኔ ሕግ አንድ ነው፤ ቤቱ ለባቡሩ ይታዘዝ። ካርቶን በቤቱ ቅርጽ ቆርጣችሁ ሐዲዱ ዳር አቁሙ፣ ፉርጎ አስጠጉበት፣ ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ከጠረጴዛው እኩል አድርጋችሁ እዩት። ቤቱ ከከበደ ግድግዳውን ቀንሱ። በሩን ግን አትንኩት፤ ዓይን የቤት ትልቅነትን የሚገምተው በበር ነው። ባህር ዛፍ ላይማ ስሌቱን እርሱት። የ20 ሜትር ዛፍ በ1 ለ48 ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚሆን ተራራችሁን ይውጠዋል፤ ግማሹ ይበቃዋል። ከኋላ የሚቆሙትን ቤቶች በኤች ኦ ልክ ብትሠሯቸው ደግሞ ጠረጴዛው ሩቅ ድረስ የሚሄድ ይመስላል።

ምንም ነገር ከማጣበቃችሁ በፊት ሐዲዱን ዘርግታችሁ ረጅሙን ፉርጎ አስቀምጡ። ጥጎቹ ላይና ወገቡ ላይ እርሳስ በፕላስተር እሰሩና በእጅ እየገፋችሁ ዙሩ። ኩርባ ላይ የፉርጎው ጫፍ ወደ ውጭ፣ ወገቡ ወደ ውስጥ ስለሚወጣ እርሳሱ የሚያሰምረው መስመር ድንበራችሁ ነው። ቤትም፣ ድንጋይም፣ ዛፍም ከዚያ መስመር ወዲህ አይገባም።

ተራራው ላይ ወሎዬ መሆን ይጠቅማል። ፍሪጅ ወይ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ቁረጡና እየጠበበ እንዲሄድ ደራርባችሁ በእንጨት ኮላ አጣብቁ። ማስቲሽ እንዳትጠቀሙ፣ ፎሙን ይበላዋል። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ከዚህ በኋላ ደረጃ ደረጃውን በቢላ ጠርበው ያለሰልሱታል። እናንተ ተዉት! እርከን ነው። 2 ሴንቲሜትር በ1 ለ48 አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥሩ የእርከን ቁመት ይወጣዋል። ጫፍ ጫፉ ላይ ደቃቅ ጠጠር እንደ ካብ ደርድሩ፣ ሜዳ ሜዳውን ኮላ ቀብታችሁ የተነፋ አፈር በትኑበት፣ ከዚያ አንዱን እርከን ጤፍ፣ አንዱን ማሽላ፣ አንዱን የታረሰ ባዶ መሬት አድርጉት። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ከሆነ የኳስ ሜዳ ይመስላል።

ገደሉ ላይ እርከን የለም። እዚያ ጋ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ቅርጽ አስይዙ፣ የቁስል ፋሻ ቀጠን ባለ ጀሶ ውስጥ እየነከራችሁ አልብሱት። ጀሶ ሲበጠበጥ ጀሶው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ጀሶው አይደለም፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ በጥብጡ። ለአለቱ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ መልሳችሁ በከፊል ዘርጉት፣ ጀሶ አፍስሱበት፣ ሲጠነክር ላጡት። የተሰነጣጠቀ የአለት ፊት ይወጣላችኋል። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ አፍስሱበት፣ ሲደርቅ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ግራጫ ጫፍ ጫፉን ዳብሱት። ይሄው ነው ሚስጥሩ።

ዋሻ የግድ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ሁሉ የጣርማ በርን ዋሻ ያውቀዋል፤ የአፉን ቅርጽ ከዚያ መውሰድ ይቻላል። የተራራውን ጀርባ ግን ክፍት ተዉት። ባቡር ከሐዲድ የሚወጣው ሁልጊዜ እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው።

ወደ ቤቶቹ። ለጭቃ ቤት ግድግዳው ወፍራም ካርቶን ነው። የተነፋ አፈር፣ ትንሽ ጀሶ፣ ኮላና በመቀስ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ለውሳችሁ በስሱ ለቅልቁ። አንዴ በወፍራሙ ከቀባችሁት ካርቶኑ ይጣመማል፤ በስሱ፣ እያደረቃችሁ፣ ከውስጥም ከውጭም። ለሣር ክዳን ከቃጫ የተሻለ አላየሁም። ከካርቶን ሾጣጣ ጣሪያ ሥሩ፣ ቃጫውን በ3 ሴንቲሜትር ቁረጡ፣ ከታች ጀምራችሁ ዙሪያውን እየደረባችሁ ወደ ላይ አጣብቁ፣ ልክ እንደ እውነተኛው ክዳን። ሲደርቅ ከንፈሩን በመቀስ እኩል አድርጉት፣ ጫፉ ላይ የጭቃ ጉልላት ድፉበት። አዲስ ክዳን ቢጫ ነው፣ የቆየ ደግሞ አመዳም ግራጫ፤ መንደሩ ውስጥ ሁለቱንም ቀላቅሉ።

የላሊበላ አካባቢ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ደግሞ ለብቻው ይሠራ ቢባል አያንሰውም። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆራርጣችሁ አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ ለጥፉ። ቀይ ቡናማ ቀቡት፣ የውጭውን ደረጃ አትርሱ። ጊዜ ይበላል፣ ግን ባቡሩ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያዩት እንግዶች መጀመሪያ ጣት የሚቀስሩት ወደ እሱ ነው።

የከተማው ቤት ቆርቆሮ ነው። ጠንከር ያለ ፎይል ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ላይ ዘርግታችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በጥርሶቹ መሀል መሀል እየጫናችሁ አስምሩ። ከዚያ በ4 ሴንቲሜትር ቁመትና 2 ሴንቲሜትር በማይሞላ ስፋት ቆራርጣችሁ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ፤ ጣሪያውን በአንድ ሉክ የሸፈነ ሰው ሰነፍ መሆኑ ከሩቅ ይታወቅበታል። ዝገቱን ቡናማ ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ ከሚስማሩ ቦታ ወደ ታች አስወርዱት። በርና መስኮቱ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ይሁን። አንድ ሚናራና አንድ ባለ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን ካልታዩበት ወሎ ነው ብሎ የሚያምናችሁ የለም። የሚናራው ምሰሶ የእስክሪብቶ ቀፎ ይሆናል። አምፖል ማስገባት ለምትፈልጉ፣ ጣሪያው ተነቃይ ይሁን፣ ግድግዳውም ከውስጥ ጥቁር ይቀባ፤ አለበለዚያ ብርሃን በካርቶኑ አልፎ ይታያል።

ለጥድ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች መሀል አረንጓዴ የተነከረ ቃጫ ደርድሩና ሽቦውን ጠምዝዙት። ቃጫው ዙሪያውን ይቆማል፤ በመቀስ ሾጣጣ አድርጋችሁ ከርክሙት። የድሮዎቹ የአሻንጉሊት ዛፎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ከቃጫ የተሠሩ ነበሩ፣ ስለዚህ ከባቡሩ ጋር ይስማማል። ለባህር ዛፍ ቀጥ ያለ ጭራሮና የተፈጨ ስፖንጅ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። የወሎ አሸዋ፣ የቦርከና ወንዝን ጨምሮ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ብናኝ አለው። ያ ብናኝ የባቡሩ ሞተር ውስጥ ከገባ አለቀ። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥታችሁ በፌስታል ጠቅልሉና አሸዋውን ደጋግማችሁ አስሱበት፤ የተጣበቀውን ፌስታሉን ገልብጣችሁ ጣሉት። ሐዲድ ለማጽዳትም የብረት ሱፍ አትጠቀሙ፣ ምክንያቱ ያው ነው። ጠጠሩን ደግሞ ከድሮ የቆርቆሮ ሐዲድ ጋር በኮላ አታጣብቁት። እርጥበት ይይዛል፣ ሐዲዱ ይዝጋል። ቀጭን ካርቶን ላይ አጣብቃችሁ ጎን ለጎን አስጠጉት።

መብራትን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ የመጣ ትራንስፎርመር ለ110 እና 120 ቮልት የተሠራ ነው። የኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ መሀል ላይ ቮልት የሚቀንስ ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ የኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የነሱ 60 ስለሆነ የድሮ ትራንስፎርመር ከለመደው በላይ ሊሞቅ ይችላል፣ ለረጅም ሰዓት አትተዉት። ገመዱ ከተሰነጣጠቀ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይቀይረው። የድሮ አሻንጉሊት ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ባቡሩን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ሕፃናትም አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡት።

ሁሉም ከደረቀ በኋላ የላላውን አፈርና ሰጋቱራ በደንብ ጠርጉ፣ ባቡሩን መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ሙሉ ፉርጎ አስጎትታችሁ አስኬዱት። የሚነካው ቤት ካለ አንድ ጣት ወደ ኋላ ይግባ።