ከሰል ምድጃ በጎጃም ደጋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጅባራ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። ወደ ጮቄ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ደግሞ ስለ ብርድ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለው። ስለዚህ እዚህ አገር ከሰል የሚነደው ለቡና ብቻ ሳይሆን ለመሞቅም ነው። ቡናው ካለቀ በኋላ "ፍሙ እኮ ገና ነው" ይባልና ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል።

ከሰሉም ሩቅ አይደለም። አዊ ዞን ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በእርሻው ላይ ይተክላል። 4 ወይም 5 ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደረው በዚህ ገቢ ነው። ስለዚህ ከሰል ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። የምጨቃጨቀው በአነዳዳችን ላይ ነው።

"ጭሱ ካለቀ ምንም አያደርግም" ማለት

ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የሚወለዱት ከዚህ ነው። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ ይራገባል፣ ጭሱ አልቆ ቀይ ሲሆን ወደ ቤት ይገባል። ጭሱን ውጭ ማስጨረሱ ጥሩ ልማድ ነው፤ ዓይንና ጉሮሮ ያርፋል። ሰው የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። አያስነጥስም፣ አያስለቅስም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ባማረበት ሰዓት ይወጣል። አመድ ለብሶ ሊጠፋ ሲልም ይወጣል። እንዲያውም አየር አጥሮት ቀስ ብሎ የሚበላ ፍም ብዙ ጋዝ ያወጣል።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ሄሞግሎቢኑ ላይ ይጣበቃል፤ ቦታውን ይቀማዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ግን አንጎሉና ልቡ የሚፈልጉትን አያገኙም። ደጋ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሰው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ገና ሳንጀምር ከጎደለው ላይ ነው የሚቀማን።

ብርድ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በተሠራ ፍሬ የሚነድ ማሞቂያ፣ ፔሌት የሚሉትን፣ ቤታቸው ውስጥ አቁመው ፎቶ ይልኩልናል። እነሱም ያው እንጨት ነው የሚያነዱት። ልዩነቱ ከምድጃው ጀርባ ያለው ቱቦ ነው። የተቃጠለው አየር በሙሉ በዚያ ወደ ውጭ ይወጣል። እነሱ ቱቦውን በየጊዜው ያስጠርጋሉ፤ ያም ሆኖ ጋዙ ቤት ውስጥ ቢያመልጥ የሚጮህ መሣሪያ ይሰቅላሉ። የኛ ምድጃ ቱቦ የለውም። የሚያወጣው ሁሉ እኛ የተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ ይቀራል።

"እኛስ በዚሁ አይደል ያደግነው?"

ይህንን የሚሉ እናቶች እውነታቸውን ነው። ግን ያደጉት የት ነው? ሣር ክዳን ቤት ውስጥ። ጣራው ይተነፍሳል፣ በግድግዳውና በጣራው መካከል ክፍተት አለ፣ በሩም እንጨት ሆኖ ከሥሩ ብርሃን ያስገባል። እሳቱ ቀኑን ሙሉ ቢነድ አየሩ መውጫ ያገኝ ነበር። አሁን ያለንበት ቤት በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒስ የተመታ፣ የላሜራ በርና መስኮት የተገጠመለት ነው። በዚያ ላይ ብርድ እንዳይገባ ከበሩ ሥር ጨርቅ እንወትፋለን። ልማዱ የድሮው ነው፤ ቤቱ ግን ሌላ ቤት ሆኗል።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ኪራይ ቤት ያሉ ተማሪዎች ናቸው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ልጆች፣ አንድ መስኮት። መብራት ሲጠፋ ሽሮው በከሰል ይበስላል። ከዚያ ምድጃው እዚያው ይቀርና ይተኛሉ። ሲያጠኑም ሆነ ሲበሉ፣ በርና መስኮት ከፍቶ፣ ነቅቶ ከሰሉን መጠቀም ይቻል ይሆናል። ለመተኛት ግን ምድጃው ከነፍሙ ከቤት መውጣት አለበት። ኮሪደር ላይ አይደለም፣ አልጋ ሥር አይደለም፣ ውጭ ነው። "መስኮቷን ገርበብ አድርጌያታለሁ" የሚለው ለእንቅልፍ ዋስትና አይሆንም። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም።

ብርዱስ? ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የሞቀ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ። ውሃው የፈላ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። እንደ ፍሙ አይሞቅም፤ አዎ፣ አልዋሽም።

ራስ ምታቱን ለምች መስጠት

የጋዙ የመጀመሪያ ምልክት ራስ ምታት ነው። ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ መደናገር። ትኩሳት የለውም። ታዲያ እኛ ዘንድ ይህንን ሁሉ የሚያደርግ ነገር ስሙ ይታወቃል፦ ወይ ብርድ ነው፣ ወይ ምች ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ዝንጅብል ይፈላል። የሚፈላው የት ላይ ነው? እዚያው ከሰል ላይ። በሩ ደግሞ "በሽተኛው ነፋስ እንዳይመታው" ይዘጋል።

መለየት ከባድ አይደለም። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸውና ሲገቡ ከተመለሰባቸው፣ ጥፋተኛው ምድጃው ነው። ዳማከሴው ይቆያል፤ መጀመሪያ በሩ ይከፈት።

የአራስን ክፍል ማፈን

ይህንን ከባድ የሚያደርገው በፍቅር የሚሠራ ስህተት መሆኑ ነው። አራስ ነፋስ እንዳይነካት መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የእንግዳው ቡና፣ ሁሉም እዚያው ክፍል ይዘጋጃል። ጠያቂው ይበዛል፣ ከሰሉ ይጨመራል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ፈጥኖ ነው የሚተነፍሰው፤ ጋዙንም ፈጥኖ ይወስዳል። "ዛሬ ልጁ እንቅልፋም ሆነ" የሚባለው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? እናቲቱም በወሊድ ደም ፈሷት ከሆነ የሚቀማ ብዙ ኦክስጅን የላትም። እርጉዝ ሴትም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጋዙ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል።

መፍትሔው ጠብ አያስነሳም። ገንፎውም ቡናውም ሌላ ክፍል ተዘጋጅቶ ይምጣ። አራሷ በልብስ ትሙቅ፣ ልጁ ከእናቱ ገላ ጋር ይሁን። አያትየው ካልተስማሙ፣ "እማማ፣ ለልጁ ሳንባ ነው" ብላችሁ ለምኗቸው። ለልጅ ልጃቸው የማይሆኑት የለም።

ጨው፣ ሎሚ፣ ውሃ

አንዱ ፍሙ ላይ ጨው ይበትናል፣ ሌላው ሎሚ ጣል ያደርጋል፣ ሌላው አጠገቡ በጣሳ ውሃ ያስቀምጣል። ሽታውን ይለውጡ ይሆናል። ጋዙን አይነኩትም። ዕጣንም እንደዚያው።

በፌስታል ማቀጣጠል

ፈጣን ነው፣ አውቃለሁ። ግን የፌስታል፣ የጎማና የአሮጌ ጫማ ጭስ መርዛም ነው፤ ቀልጦ የሚንጠባጠበውም እጅ ላይ ካረፈ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሣ። ላምባ ደግሞ ጠፍቷል በተባለ ፍም ላይ ሲጨመር ድንገት ቦግ ይላል። ፊትና ፀጉር ነው የሚያገኘው። ጎጃም ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅርፊትና ጭራሮ ይጠፋል እንዴ? ደረቅ ይሁን እንጂ እሱ ይበቃል። ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ለብሶ ማራገብም ጥሩ አይደለም፤ ጫፉን አስሩት።

ከሰል በክረምት ከነማዳበሪያው መሬት ላይ ከተቀመጠ እርጥበት ይጠጣል። የረጠበ ከሰል ይፈነጥቃል፣ ፍንጣሪውም ምንጣፍ ያቃጥላል። ከሥሩ ጣውላ አድርጉለት። ሲሰበር መሐሉ ቡናማ የሆነ፣ በደንብ ያልከሰለ፣ ደግሞ ጭሱ አያልቅም፤ ስትገዙ አንዱን ሰብራችሁ እዩ።

ምድጃውን እስኪበጣጠስ መጠቀም

ላቀች የሚባለው ምድጃ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ከኬንያው ጂኮ ምድጃ የተቀዳ ሲሆን ከድሮው ባዶ የብረት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር እስከ ሩብ ከሰል ይቆጥባል ይባልለታል። ሙቀቱን የሚይዘው ሸክላው ነው። ሸክላውን የሚገድለው ደግሞ ውሃ ነው፤ ፍም ለማጥፋት ትኩሱ ላይ ውሃ ሲደፋበት ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ ቆርቆሮው ይግላል፣ ይበላል፣ አንድ ቀን ጀበና እንደተጣደ ይዘምማል። ሕፃን ባለበት ቤት የዘመመ ምድጃ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ሌላው ቀዳዳው ነው። ፍሙ የሚያርፍበት ሸክላ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በአመድ ከተደፈኑ አየር ከሥር አይገባም። አየር ያጣ ፍም ከላይ እንዳልኩት ብዙ ጋዝ ያወጣል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። እኛ ግን ሙቀቱ ሲቀንስ ከሰል እንጨምራለን! ከማቀጣጠል በፊት ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት መጎርጎር፣ የታችኛውን አመድ መጥረግ ነው ሥራው። ምድጃውን በቀጥታ ላስቲክ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፤ ጡብ ወይም ቆርቆሮ ከሥሩ ይሁን።

እንጀራ የሚጋገርበት "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ግን የሚገጣጠም ነው፤ በክፍሎቹ መጋጠሚያ ያለው ስንጥቅ በጭቃ ካልተመረገ ጭሱ በየጎኑ ይወጣል፣ ቁጠባውም ይቀራል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አፉ እስኪሞላ መጠቅጠቅም ዋጋ የለውም።

በጣሳ የሚሠራው የሰጋቱራ ምድጃ ርካሽ ነው፣ ረጅም ሰዓት ይነዳል። ሰጋቱራው ከረጠበ ግን ቤቱን በጭስ ይሞላል፤ ትኩስ እያለ በላዩ ላይ ከተጨመረበት ደግሞ ነበልባሉ ወደ ፊት ይወረወራል። ውጭ ለሚበስል ምግብ እንጂ ለክፍል ማሞቂያ አይሆንም።

ረመጥን እንደ አመድ መድፋት

አያቶቻችን እሳት ሲዳፍኑ ለነገ እንደሚቆይ ያውቁ ነበር። የተዳፈነ ፍም ማግስቱንም ሕይወት አለው። እኛ ግን ሽበት የመሰለውን አይተን "ጠፍቷል" እንላለን። ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ እንደፋዋለን፣ ወይ ከጭዱ ክምር አጠገብ፣ ወይ የባሕር ዛፍ ቅጠል በረገፈበት ጓሮ። በበጋ ነፋስ ሲነሣ ጣጣው ይመጣል። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከቤት ራቅ አድርጎ ማሳደር፣ ሲቀዘቅዝ መድፋት። ዕቃውን ቤት ውስጥ አታሳድሩት፤ ረመጥም ጋዝ ያወጣል።

ሰው ሲወድቅ ወተት መፈለግ

በከሰል ጋዝ የተመታ ሰው ወተት አያድነውም። ራሱን የሳተ ከሆነ ጭራሽ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። መጀመሪያ በርና መስኮት ክፈቱ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ሰውየውን ወደ ውጭ ጎትቱ፤ እዚያው ክፍል ሆኖ ፊቱን ማርጠብ አዳኙንም ይጥላል። የማይተነፍስ ከሆነ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ የሚችል ሰው ይጀምር። ከዚያ ባጃጅም ይሁን የተገኘው መኪና፣ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት። በተራ አየር ጋዙ ከደም በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል፤ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ሰዓት ተኩል አይበልጥም።

ሰውየው ነቅቶ "ተሽሎኛል፣ ወደ ቤት መልሱኝ" ቢልም ይታይ። የመርሳትና የመደናገር ችግር ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚመጣባቸው አሉ። ጤና ተቋም ስትደርሱም "ራሱን ስቶ ወደቀ" ብቻ አትበሉ። ከሰል ሲነድ እንደነበር፣ በሩ ዝግ እንደነበር ተናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ይህንን ጋዝ ከኦክስጅን አይለይም። ደሙ በጋዝ ተሞልቶም 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ከሰሉን ያየው ደግሞ አብሮት የመጣው ሰው እንጂ ሐኪሙ አይደለም።